በገና ሰሞን ትንሽ ሱቅን በእጅ ሥራ ስለ ማስጌጥ

የልደት በዓል፥ በተለምዶ ገና የሚባለው፥ በኢትዮጵያ ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል፤ ጳጕሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል። ኅዳር 15 ቀን የተጀመረው የነቢያት ጾም በዚሁ በዓል ስለሚፈታ፥ ከበዓሉ በፊት ያለው ሳምንት ገበያ የሚደምቅበት፥ ገበሬም የአዝመራውን ዋጋ ይዞ ወደ ሱቅ የሚመጣበት ጊዜ ነው። በዚያ ሳምንት የትንሽ ሱቅ ባለቤት ደጁን አሳምሮ መንገደኛውን ለመሳብ መፈለጉ የሚያስነቅፈው አይደለም። የሚያስነቅፈው፥ ከአትራፊነቱ ይልቅ አውጪነቱ የበዛ እንደ ሆነ ነው።

ነገሩን በሒሳብ ማየት ይሻላል። ለምሳሌ አንድ ባለ ሱቅ ከአንድ ኪሎ ስኳር 2 ብር ያተርፋል እንበል፤ ለበዓሉ ብሎ ከከተማ የ400 ብር የሚያብረቀርቅ ጌጥ ቢገዛ፥ ያንን ገንዘብ ለመተካት 200 ኪሎ ስኳር መሸጥ አለበት። በትንሽ መንደር 200 ኪሎ ስኳር በአንድ ሳምንት የሚሸጥ ሱቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ የገዛው ጌጥ ገበያተኛ ከማምጣቱ በፊት ዋናውን ገንዘብ ይበላል፤ ከበዓሉም በኋላ ተቀዶና ተቈራርጦ ከቆሻሻ ጋራ ይጣላል። ከላስቲክ የተሠራ ስለ ሆነ አይበሰብስም፤ ነፋስ ወደ ማሳና ወደ ወንዝ ይወስደዋል፥ ከብትም ይበላውና ይታመማል። ይኸው ሱቅ በወረቀት፥ በገለባ፥ በጨርቅ ቍራጭና በራሱ ሸቀጥ ቢጌጥ ወጪው ከጥቂት ብር አያልፍም። ሥራውም ለተማሪ ልጆች የሒሳብ፥ የሥዕልና የእጅ ጥበብ ትምህርት ይሆናቸዋል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህን ሁለተኛውን መንገድ ነው።

ጌጥ ማለት ከመግዛት በፊት ከእጅ ሥራ የተወለደ ነገር መሆኑን መምህራን ለልጆች ቢያስረዱ መልካም ነው። በገና ጊዜ ዛፍ አቁሞ መሸለም በጀርመን አገርና በአጠገቡ ካሉ አገሮች የመጣ ልማድ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1605 ዓ.ም. በስትራስቡርግ ከተማ የተጻፈ ማስታወሻ፥ የከተማው ሰዎች በቤታቸው ውስጥ ዛፍ አቁመው ከባለ ብዙ ቀለም ወረቀት የተቈረጡ ጽጌረዳዎች፥ ፖምና ስስ ቂጣ፥ ስኳርም ይሰቅሉበት እንደ ነበረ ይናገራል። እንግዲህ የዚያን ጊዜ ጌጥ ወረቀትና የሚበላ ነገር ነበረ። ዛሬ በየገበያው የሚታየው የመስተዋት ኳስ የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ሲሆን፥ እርሱም ቢሆን በ19ኛው መቶ ዓመት ላውሻ በተባለች በቱሪንጊያ ተራራ ባለች መንደር፥ ባል በአፉ መስተዋቱን እየነፋ፥ ሚስትና ልጆች ውስጡን ብር እያስመሰሉና እየቀቡ፥ በየቤታቸው የሚሠሩት የእጅ ሥራ ነበረ። ከ1880 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች ዘመን ወዲህ ዎልዎርዝ የተባለው አሜሪካዊ ነጋዴ ይህን ኳስ ወደ አገሩ እያስመጣ በርካሽ ዕቃ ሱቆቹ በብዛት ሸጦታል። ሰው አሁን ጌጥ ሁሉ ከፋብሪካ የሚወጣ የሚመስለው የሥራው መነሻ ስለ ተረሳ ነው።

ከዚህ ሁሉ ለትምህርት ቤት የሚቀርበው የኒስኪ ኮከብ ነው። ኒስኪ በጀርመን አገር ያለች ከተማ ናት። በዚያ በነበረው የሞራቪያ ወንድማማቾች ማኅበር የወንዶች ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት፥ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ግድም፥ መምህራን የጂኦሜትሪን ትምህርት በእጅ ለማስጨበጥ ሲሉ ተማሪዎቻቸውን ከወረቀት ብዙ ጫፍ ያለው ኮከብ ያሠሯቸው ነበር። ልጆቹም በዕረፍት ጊዜ ጥበቡን ወደየቤታቸው ወሰዱት። ኋላም ከዚያ ትምህርት ቤት የወጣ አንድ ሰው ኮከቡን ሠርቶ በመጻሕፍት ሱቁ ይሸጥ ጀመር፤ ዛሬም ሄርንሁት በተባለች ከተማ ስም በዓለም ሁሉ የታወቀ ሆኖአል። የሒሳብ ትምህርትና የሱቅ ጌጥ በአንድ ወረቀት ላይ ሊገናኙ እንዲችሉ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በኢትዮጵያ ዛፍ መሸለም የጥንት ልማድ አይደለም። የገጠሩ ገና ሌሊቱን በቤተ ክርስቲያን፥ ቀኑን በሜዳ ላይ በገና ጨዋታ የሚያልፍ በዓል ነው። ነገር ግን የማስጌጥ ጥበብ ለአገሩ እንግዳ ነው ማለት አይደለም። በብራና መጻሕፍት የምዕራፍ መግቢያ ላይ የሚሳለው ሐረግ፥ በሸማ ጠርዝ ላይ የሚወርደው ጥለት፥ በመሶብ ላይ የሚዞረው አለላ፥ ሁሉም ቀለምን ከቀለም፥ መሥመርን ከመሥመር የሚያስማማ ትምህርት ነው። በእንቁጣጣሽ ቀን ልጆች የአበባና የመልአክ ሥዕል ሥለው ለጎረቤት እንደሚሰጡ ሁሉም ያውቃል። መምህሩ የሱቁን ጌጥ ሲያስጀምር ከባዕድ ካርድ ላይ ከመቅዳት ይልቅ ልጆቹ እናቶቻቸው የሰፉትን መሶብና የለበሱትን ቀሚስ ጥለት አስተውለው እንዲመጡ ቢያዛቸው፥ ሥራው ከገዙት ጌጥ ይልቅ ለዓይን የሚስብና ለመንደሩ የሚገባ ይሆናል። የአመዳይ ነገርም እንዲሁ ነው። በባዕድ አገር ዛፍ ላይ ባዘቶ ጥጥ የሚበትኑት አመዳይን ለማስመሰል ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ታኅሣሥ ሰማዩ የጠራ፥ ሌሊቱ ውርጭ፥ ቀኑ የመከር ወራት ነው። የመከሩን ወርቅማ ገለባ ትቶ አብዛኛው ሰው ያላየውን አመዳይ በጥጥ መሥራት ጥጡን ማባከን ይሆናል።

ሽማግሎችን በተለይ የሚመለከት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ አባቶች ልጃቸው ትምህርት ቤት ሄዶ ገለባ ሲጐነጕንና ሸክላ ሲያለሰልስ ባዩ ጊዜ፥ «ለዚህ ነውን የላክነው?» ብለው ይቈጣሉ። ይህ ቍጣ ሸማኔውን፥ ሸክላ ሠሪዋንና ቀጥቃጩን ከሚያዋርደው ከአሮጌው ልማድ የቀረ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ባለ እጆችን በሥራቸው መስደብን ከልክለዋል፤ ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎአል። ልማዱ ግን በንግግርና በጋብቻ ጉዳይ ገና አልጠፋም። መምህሩ የመንደሩን ሸክላ ሠሪ ወይም ስፌት ዐዋቂ እናት አንድ ቀን ወደ ክፍሉ ጋብዞ በልጆቹ ፊት በወንበር አስቀምጦ ቢያስተምርበት፥ በብዙ ቃል የማይነቀለውን ነገር በጥቂቱ ይነቅለዋል።

አሁን ወደ ዛፉ እንመለስ ቢባል፥ በዚህ ጉዳይ ጥብቅ መሆን ያስፈልጋል። የሐበሻ ጥድ ቀስ ብሎ የሚያድግ የአገር በቀል ዛፍ ነው። በብዙ አውራጃ ጥድ በሕይወት የተረፈው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ብቻ እንደ ሆነ ማንም ዙሪያውን ተመልክቶ ሊረዳው ይችላል። ቁመቱ ለሱቅ ጌጥ የሚበቃ ጥድ ብዙ ዓመት የቈየ ነው፤ ተቈርጦ በሱቅ ጥግ ሲቆም ግን በጥቂት ቀን መርገፍ ይጀምራል። ሙሉውን ባይቈርጡትና ጫፉን ብቻ ቢወስዱትም ጕዳቱ አይቀርም፤ ዋናው እምቡጥ የተቈረጠበት ጥድ ቀጥ ብሎ ማደጉን ትቶ ይጣመማል ወይም ሁለት ሆኖ ይከፈላል፥ ኋላም ለምሰሶ የማይሆን ይሆናል። ለአንድ ቀን ደስታ ሲባል የልጅ ልጅ ምሰሶ መቍረጥ ከንቱ ነው። አረንጓዴ ነገር የግድ የተፈለገ እንደ ሆነ፥ ለአጥር ከተተከለው ከፈረንጅ ጥድ የጐን ቅርንጫፍ በባለቤቱ ፈቃድ ጥቂት ዘለላ መውሰድ ይበቃል። ከአጥር ላይ ሲቈርጡም ከአንድ ወገን ብቻ አራቍተው አይተዉት።

ከዚህም የተሻለ መንገድ ያለ ዛፍ ዛፍ መሥራት ነው። ከወደቀ ባሕር ዛፍ ወይም ከቀርከሃ ሰባት ቀጫጭን በትሮች ይመረጣሉ። የታችኛው ርዝመት 1 ሜትር ይሁን፤ ወደ ላይ እየቀነሰ ሄዶ የመጨረሻው 10 ሳንቲሜትር ይቀራል። በዚህ ልክ እያንዳንዱ በትር ከበታቹ ካለው በ15 ሳንቲሜትር ያንሳል፤ ልጆቹ ይህን ራሳቸው አስልተው እንዲያገኙት ይተዋቸው። በትሮቹ በሁለት ወገን በገመድ እየታሰሩ እንደ መሰላል አንዱ ከሌላው በታች ይንጠለጠላሉ፥ ገመዶቹም ወደ ላይ ተሰብስበው በአንድ ሚስማር ላይ ይሰቀላሉ። ከግድግዳው ጋራ ተለጥፎ ስለሚውል ቦታ አይይዝም፤ ትንሽ ሱቅ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚጐድለው ቦታ ነው። በየበትሩ ላይ ኮከብ፥ ቅርንጫፍ፥ የጨርቅ ቍራጭ ይንጠለጠላል። ከበዓሉ በኋላ ይታጠፍና እንደ አንድ እሥር እንጨት ይቀመጣል፥ ለዓመቱም ያገለግላል።

የወረቀት ሰንሰለት ለታናናሾቹ ክፍሎች የሚስማማ ሥራ ነው። ርዝመቱ 30 ሳንቲሜትር፥ ወርዱ 20 ሳንቲሜትር ከሆነ አንድ ወረቀት ርዝመቱ 15 ወርዱ 2 ሳንቲሜትር የሆነ 20 ቅዳጅ ይወጣል። እያንዳንዱ ቅዳጅ ጫፍና ጫፉ በ1 ሳንቲሜትር ተደራርቦ ሲጣበቅ ዙሪያው 14 ሳንቲሜትር የሆነ ቀለበት ይሆናል፥ የመካከሉም ስፋት አራት ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ነው። ወርዱ 3 ሜትር ለሆነ የሱቅ ፊት ሰባ ያህል ቀለበት ያስፈልጋል፤ ለዚህም አራት ወረቀት ይበቃል፥ ጥቂትም ይተርፋል። ልጆቹ ይህን ቍጥር ከመቍረጣቸው በፊት በሰሌዳ ላይ ሠርተው ቢያገኙት፥ ክብና ዙሪያ የሚባለው ትምህርት ለምን እንደሚያስፈልግ መጠየቃቸውን ይተዋሉ። ወረቀቱ አዲስ መሆን የለበትም፤ ያለቀ ደብተር፥ የስኳር ከረጢት፥ የብስኩትና የሳሙና መጠቅለያ ሁሉ ይሆናል። የብስኩት መጠቅለያ በአንድ ወገን የሚያብረቀርቅ ቢሆንማ የብር ሐረግ ይመስላል።

ኮከቡን ለሚያውቁት ክፍሎች መተው ይሻላል። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ስስ ወረቀት ይወሰድና ከመካከል ይታጠፋል፤ ሁለተኛ ጊዜ ተሻግሮ ሲታጠፍ ታናሽ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ሦስተኛው እጥፋት የወረቀቱ መካከል ካለበት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ነው። እዚህ ላይ በመቀስ በሰያፍ አንድ ጊዜ ቢቈረጥና ቢዘረጋ አራት ጫፍ ያለው ኮከብ ይወጣል። ስምንት ጫፍ የፈለገ አንድ ጊዜ ጨምሮ ያጥፈው፥ ነገር ግን በአራተኛው እጥፋት ወረቀቱ ዐሥራ ስድስት ድርብ ስለሚሆን ወፍራም ወረቀት አይታዘዝም፥ የልጅ መቀስም ይታወካል። የጫፎቹ ቍጥር ሁልጊዜ የድርቡ እኩሌታ መሆኑን መምህሩ ከመናገሩ በፊት ልጆቹ ራሳቸው ቈጥረው እንዲያገኙት መታገሥ ይገባዋል። ከታጠፈው ጐን ላይ ትናንሽ ቀዳዳ ቢያወጡበት እንደ ሐረግ ያለ ሥራ ይታይበታል።

የገለባ ኮከብ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያምር፥ ምንም የማይገዛበት ነው። በስዊድንና በጀርመን አገር ገበሬዎች ለገና ከገለባ ኮከብና ፍየል ይሠራሉ፤ በኢትዮጵያም ስንዴ የሚታጨድበት ወራት ገናን የሚቀድም ስለ ሆነ ገለባው በጊዜው ይገኛል። ከበሬ እግር በፊት፥ ማለት አውድማ ከመግባቱ አስቀድሞ፥ ያልተሰባበረ የስንዴ አገዳ አንድ እፍኝ ይመረጣል። ከአንጓው ተቈርጦ ጥቂት ሰዓት በውሃ ይነከራል፥ ካልራሰ ሲያጥፉት ይሰነጠቃልና። ከዚያ በጥፍር ወይም በስለት ይሰነጠቅና ተዘርግቶ በሞቀ ካውያ ይተኰሳል። ካውያው ጥቂት ሲቈይበት ገለባው ወደ ቡናማ ስለሚለወጥ ያለ ቀለም ሁለትና ሦስት ዓይነት መልክ ይገኛል። እያንዳንዱ 12 ሳንቲሜትር የሆነ አራት ገለባ በመካከል ተጠላልፎ ሲቀመጥ ስምንት ጫፍ ያወጣል፤ በፈትል አንዱን በላይ አንዱን በታች እያለፉ መካከሉን ያጠብቁታል፥ ጫፎቹንም በመቀስ እንደ ጦር ያሾሉአቸዋል። ስፌት የሚያውቁ ልጃገረዶች በስንደዶና በአክርማ፥ በወስፌም ቢሠሩት ከዚህ ይበልጥ የጠነከረ ይሆናል። ካውያ የሚያዘው መምህሩ ነው እንጂ ሕፃናት አይደሉም።

ለቀለም ገበያ መሄድ አያሻም። እርድ በሙቅ ውሃ ቢበጠበጥ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ ቀይ ሥር ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀይ፥ የቡና አተላ ቡናማ፥ የድስት ጥላሸት ጥቍር ይሰጣሉ። እንሶስላ የሴቶችን እጅ እንደሚያቀላ ሁሉ ስንደዶንም ያቀላል። የእርድ ቀለም በፀሓይ ቶሎ ስለሚለቅ ቢጫው ጌጥ ከደጅ ይልቅ ከውስጥ ይሰቀል። ለሙጫ አንድ ስኒ የስንዴ ዱቄት በጥቂት ቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ በፈላ አራት ስኒ ውሃ ላይ እየተማሰለ ይፈስሳል፤ ሲጠነክርና ሲያንጸባርቅ ወርዶ ይቀዘቅዛል። ሁለት ቀን ካደረ ስለሚሸት በየዕለቱ የሚበቃውን ብቻ መሥራት ነው። አይጥ እንደሚወደውም ማስታወስ ያስፈልጋል፤ ስለዚህ በሙጫ የተሠራ ነገር ከእህል ከረጢት ጋራ አይነካካ።

ባለ ሱቁ ራሱ ሊያስተውለው የሚገባው ደግሞ፥ ከሁሉ የሚበልጠው ጌጥ በመደርደሪያው ላይ ያለው ሸቀጥ መሆኑን ነው። ዛላ በርበሬ በወፍራም ክር ተሰክቶ በደጁ ላይ ቢንጠለጠል ከማናቸውም የተገዛ ጌጥ ይልቅ ይቀላል፤ ነጭ ሽንኩርት ከነአገዳው ተጐንጕኖ በመካከሉ ቢገባ ነጭና ቀይ ሆኖ ይታያል። ምስር፥ ሽምብራ፥ አተርና ኑግ በየብርጭቆው ጐን ለጐን ቢቀመጡ እንደ ጥለት ነው። የጧፍና የሻማ እሥር፥ የክር ልቃቂት፥ የቡና ስኒ፥ እያንዳንዱ ቦታውን ካገኘ ራሱ ያጌጣል። ይህን የሚያደርግ ሰው አስቀድሞ መደርደሪያውን አውርዶ፥ አቧራውን ጠርጎ፥ ግድግዳውን ኖራ ቀብቶ መጀመር አለበት። በቆሸሸ መደርደሪያ ላይ የተሰቀለ ኮከብ ቆሻሻውን ያሳያል እንጂ አይሸፍነውም። ኖራ ዓይን ስለሚያቃጥል በሚቀባበት ጊዜ ልጆች ከአጠገቡ አይቁሙ።

የሚሰቀለው ሁሉ ከረጅም ሰው ራስ በላይ ይሁን። ሚዛኑ በምንም ነገር አይሸፈን፤ ገበያተኛ የሚዛኑን መርፌ ካላየ ጌጡ የማታለያ ይመስለዋል፥ ይህም አይፈረድበትም። ቄጤማ መጐዝጐዝ የአገር ወግ ስለ ሆነ ይገባል፤ ነገር ግን እርጥብ ስለ ሆነ የጨውና የስኳር ከረጢት ከመሬት ከፍ ብሎ በእንጨት ላይ መቀመጥ አለበት። ሽማግሌና ነፍሰ ጡር እንዳያዳልጥም በደፉ ላይ ስስ አድርጎ መበተን፥ በሦስተኛውም ቀን ጠርጎ ማውጣት ነው።

ስለ እሳት የሚነገረው ከሁሉ ይልቅ መሰማት አለበት። ታኅሣሥ ደረቅ ወራት ነው፥ ወረቀትና ገለባም ደርቀው ይውላሉ፤ የጥድ ቅርንጫፍ ደግሞ በውስጡ ዘይት ያለበት ስለ ሆነ በደረቀ ጊዜ እሳት ሲነካው እንደ ባሩድ ይንቦገቦጋል። በትንሽ ሱቅ ውስጥ ጋዝ፥ ክብሪትና ላስቲክ በአንድ ጣራ ሥር ናቸው፤ በሩ አንድ ነው፤ ብዙ ጊዜም የባለ ሱቁ ቤተ ሰብ በስተ ኋላ ይተኛል። ስለዚህ በዛፍም ሆነ በበትር መሰላሉ ላይ ጧፍ ወይም ሻማ ከቶ አይበራ። ኩራዝ ያለ እንደ ሆነ ከማንኛውም ጌጥ አንድ ሜትር ይራቅ፥ በላዩም ምንም አይንጠለጠል። ኤሌክትሪክ በገባበት መንደር በገመድ የተያያዙ ትናንሽ መብራቶችን የሚሰቅል ሰው ሽቦው ያልተላጠ መሆኑን በዓይኑ አይቶ፥ በሚስማር ሳይወጋው በክር አስሮ ይስቀለው፥ ማታም ሱቁን ሲዘጋ ይንቀለው። አንድ ባልዲ አሸዋ ከበሩ አጠገብ ቢቀመጥ ዋጋ የለውም፥ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው። በጋዝ እሳት ላይ ውሃ ማፍሰስ እሳቱን እንደሚበትነው ለልጆቹ መንገርም የዚሁ ትምህርት ክፍል ነው።

የሱቁ ባለቤት እስላም የሆነ እንደ ሆነ፥ ይህም በብዙ መንደር የተለመደ ነው፥ ጌጡ በእርሱ ፈቃድና ምርጫ ይሁን። ኮከብ፥ አበባ፥ ሐረግና የበርበሬ ጕንጕን ማንንም አያስቀይምም፤ ለበዓሉ የሚገዙትን ጎረቤቶቹን ለማክበር ብሎ ደጁን የሚያስጌጥ ሰው ምስጋና ይገባዋል እንጂ ማንም ይህን ወይም ያንን ስቀል ብሎ አያስገድደው። ለክርስቲያኑም ባለ ሱቅ የሚነገር አለ፤ ከአሮጌ የቀን መቍጠሪያ የቅዱሳንን ሥዕል ቈርጦ ከሳሙናና ከጋዝ በላይ መለጠፍ አይገባም፥ ወድቆ ይረገጣልና።

በመጨረሻ የልጆቹ ድካም ነገር ቀርቶአል። ትምህርት ቤት የባለ ሱቅ የነጻ ሠራተኛ ማደራጃ አይደለም። ጌጡ በትምህርት ሰዓት እንደ ትምህርት ሆኖ ሲሠራ መልካም ነው፤ ልጆቹን ከትምህርት አውጥቶ ቀኑን ሙሉ መሰላል ላይ ማዋል ግን መምህሩን ከወላጅ ጋራ ያጣላዋል፥ ሊያጣላውም ይገባል። መምህሩና የመንደሩ ሽማግሎች ከባለ ሱቁ ጋራ አስቀድመው ተነጋግረው፥ ወረቀቱንና ክሩን እርሱ እንዲያቀርብ፥ ስለ ሥራውም ለትምህርት ቤቱ እርሳስ ወይም ደብተር እንዲሰጥ ቢስማሙ ሁሉም በክብሩ ይኖራል። ስምምነቱ ቢያጥርም በወረቀት ይጻፍ። ልጆቹ ወደ ሱቁ ሲሄዱ ባለቤቱን ጋሼ ወይም እትዬ ብለው እጅ ነሥተው ይግቡ፤ ባለቤቱም ከተመልካች ሰው ፊት ሥራቸው ጠማማ ነው ብሎ አያሳፍራቸው። ከሠሩት ኮከብ የሚተርፈውን ልጆቹ ገበያ ወስደው ሊሸጡት ቢፈልጉ መከልከል አይገባም፤ የኒስኪውም ኮከብ ወደ ገበያ የወጣው በዚሁ መንገድ ነው።

ጌጡ ከበዓሉ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ቢሰቀል ዋናው ገበያ ያገኘዋል። ከገና እስከ ጥምቀት ዐሥራ ሁለት ቀን ብቻ ስለ ሆነ ሁለቱን በዓላት በአንድ ድካም ማሳለፍ ይቻላል። ጥር 12 ቀን የሚካኤል በዓል ካለፈ በኋላ ሁሉም ይወርዳል። የገለባው ኮከብ አቧራው ተራግፎ በካርቶን ውስጥ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል፥ አይጥ በማይደርስበትም ይሰቀላል፤ የተቀደደው ወረቀት ለምድጃ ይሆናል፤ ቅርንጫፉ ከአጥር ሥር ይጣላል፥ ይበሰብሳልና። በርበሬው አቧራው በንጹሕ ጨርቅ ተጠርጎ ከክሩ ይወጣና፥ በሚዛን ተመዝኖ በዕለቱ ዋጋ ይሸጣል።